ቀስ ብሎ የሚነሳው ሹፌር

ኤጀታ ዲሳሳ ሰው ይንቅ ነበር። ይህን የምለው ሟችን ልወቅስ ፈልጌ አይደለም፤ አሶሳ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ከሁሉ አስቀድሞ ያወቅሁለት ጠባይ ይህ ስለሆነ ነው። የመኪና በር ደርግሞ የሚዘጋን ይንቃል። ጥርጊያ መንገድ ላይ መስኮት ከፍቶ አቧራ አስገብቶ፣ መልሶ አቧራውን የሚረግመውን ይንቃል። እኔንም ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድቤ በመጣሁ በሳምንቱ ወባ ስለጣለኝ ለጥቂት ጊዜ ንቆኛል፤ "መምህር፣ ትንኟ ገና ስምህን ሳትጠይቅህ ተኛህ?" ብሎኛል። የሰካራም ንቀቱ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነበር። ሰክሮ የወደቀ ሰው ሲያይ ይቀልድ የነበረው አፉ ይዘጋና መንገድ ይቀይራል።

ለዚህም ምክንያት ነበረው። አባቱ አቶ ዲሳሳ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸውም የመዘምራን መሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ አርባው ሲጠጋ እግራቸው ይወላገድ ጀመር። ቀጥሎ ምላሳቸው ከበደ። ከዚያም ጉባኤው ለጸሎት ብድግ ሲል አብረው ብድግ ይሉና ዐይናቸው ተገልብጦ አግዳሚው ላይ ይዘረራሉ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ "ደክሟቸው ነው" ተባለ። ሲደጋገም ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ለሜሳ የሚባል፣ የሌላ ሰው ኃጢአት ለማሽተት አፍንጫው የረዘመ ሰው ነበር። "ወንድማችን ዲሳሳ በስውር ይጠጣል" ብሎ ፈረደና ከጌታ ራት አሳገዳቸው።

አቶ ዲሳሳ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። "አኒ ሂንዱግኔ" ይላሉ በኦሮምኛ፤ አልጠጣሁም ማለታቸው ነው። በዚያ በተሳሰረ ምላስ ሲሉት ግን ሰሚው ሁሉ በሆዱ ይስቃል። ኤጀታ ያኔ ጎረምሳ ነበር። አባቱን ከወደቁበት አንስቶ አያውቅም፤ እሳቸው ሲወድቁ እሱ በጎን በር ሹልክ ብሎ ይወጣል። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ አሶሳ ገብቶ ቀረ። አባቱ የሞቱ ዕለት በጭነት መኪና መጥቶ ቀበረ፣ እዝን ሳይቀምስም በዚያው መኪና ተመለሰ። ዕድሜውን ሙሉ መጠጥ የሚባል ነገር በከንፈሩ ሳይነካ ኖረ።

ክልሉ አዲስ በተመሠረተበት ሰሞን፣ ገና ክልል ስድስት እየተባለ ሲጠራ፣ አሶሳ ሳታስበው ዋና ከተማ ሆነች። የእህል መጋዘኑ ቢሮ ሆነ፤ የሰው መኖሪያ ቤት ቢሮ ሆነ፤ ትናንት ከእኛ ጋር ወረፋ ይዞ ዳቦ ይገዛ የነበረው ሰው ዛሬ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚባልለት ሆነ። ወንበር ሳይገዛ የወንበር ጠብ ተጀመረ። ኤጀታ ለሠፈራ ጣቢያዎቹ የጭነት መኪና ሲነዳ መንገዱን ሁሉ ያውቅ ስለነበር ከነዚህ አዳዲስ ቢሮዎች በአንዱ በሹፌርነት ተቀጠረና ላንድክሩዘር ተሰጠው።

ከላንድክሩዘሩ ጋር አቶ በቃሉም ተሰጠው። በቃሉ የአስተዳደር ኃላፊ ነበር፤ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣና አሶሳን እንደ ግዞት የሚቆጥር። ሹፌር ዞሮ በሩን ካልከፈተለት ከመኪናው አይወርድም። እጁ ጤነኛ ነው፤ በሩም ጤነኛ ነው። መስክ ሲወጣ በወታደር ኮዳ አረቄ ይይዛል፤ "የዚህ አገር ውሃ ለሆዴ አይስማማም" ይላል። ማታ ማታ ሲጨብጥህ እጁ እንኳ ይሸታል። ኤጀታ ይህን ሰው ምን ያህል እንደሚንቀው ለመናገር ቃል አጥቶ፣ ስሙን በጠራ ቁጥር መሬት ላይ እንትፍ ይል ነበር፤ ሚስቱ ቀነኒ "ቤት ውስጥ አይተፋም!" እያለች ትቆጣዋለች።

በሽታው የጀመረው በላቡ ነው፤ ማለትም ላብ በማጣቱ። በመጋቢት ሙቀት እኛ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ ስናለከልክ የኤጀታ ሸሚዝ ደረቅ ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ጋለ ብረት ይቀላል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ማህጁብ፣ የበርታ ተወላጅና የልብ ጓደኛው፣ ይስቅበት ነበር። "ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ አንተ ጀነት ውስጥ ነው የምትኖረው? ወላሂ፣ ፀሐይ አንተን ፈራ" ይለዋል።

ቆይቶ ግን ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ ቀረ። ረጅም መንገድ ነድቶ ከመኪና ሲወርድ ዐይኑ ይጨልማል፤ አንገቱንና ትከሻውን ቀንበር እንደጫኑበት ይከብደዋል። በሩን ይዞ ካልቆመ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀ፤ መጀመሪያ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ይቀመጣል፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳል። ቢሮ ውስጥም ከአግዳሚ ሲነሳ እንደዚያው። ሽንቱም አላስቆም አላስቀምጥ አለው፤ መንገድ ላይ በየጥቂቱ ማቆም ግድ ሆነበት። በቃሉ ከኮዳው እየተጎነጨ፣ "መኪና ነው የምትነዳው ወይስ ዛፍ ታጠጣለህ?" ይለዋል።

በበሽታው ሳይሆን በዘዴው ተጠላ። በቃሉ ወደ ሹፌሮች ክፍል ሲገባ ሌላው ሁሉ እንደ ወታደር ብድግ ይላል። ኤጀታ ቁጭ እንዳለ ነው፤ በቃሉ ተናግሮ ጨርሶ ሲወጣ እሱ ገና በመነሳት ላይ ነው። ይህ ንቀት ተባለ። እርግጥ ኤጀታ ይንቀው ነበር፤ ንቀቱ ግን በእግሩ በኩል አልነበረም።

አንድ ቀን ካማሺ ላይ ጤና ጣቢያ ሊመረቅ ከየቢሮው ሰው ተላከ። በባምባሲና በመንዲ፣ በወለጋ ዞሮ የሚኬድበት፣ ጎማ የሚበላ መንገድ ነው። ሲደርሱ ሕዝቡ በፀሐይ ተሰልፎ ነበር፤ ሹፌሮችም ሳይቀሩ እንዲሰለፉ ታዘዘ። አንዱ ባለሥልጣን ተናገረ፣ ሌላው ያው የተናገረውን ደገመው፣ ሦስተኛው "ከእኔ በፊት የነበሩት ተናጋሪ እንዳሉት" ብሎ ሁለቱንም ከለሰ። ቀጥሎ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል ተባለና ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ኤጀታ እንደ ተቆረጠ ግንድ በፊቱ ተደፋ። አፍንጫው ደማ።

በቃሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ሊያነሳው ግን አልነበረም። "ሹፌሩ ሰክሯል! አዋረደን!" አለ፣ በዚያ በሚሸት አፉ። ሰው ሁሉ ሰማው። ኤጀታ መሬት ላይ ተጋድሞ ትንሽ ሲቆይ ነፍስ ዘራ፤ አንዲት የካማሺ ሴት ውሃ ረጨችበት። ሊናገር ሲሞክር ምላሱ አልታዘዝ አለው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቃላቱ እርስ በርስ መጠላለፍ ጀምረው ነበር። "ይኸው፣ ስሙት!" አለ በቃሉ።

ማታ መመለሻው ሲደርስ ሌላ ሹፌር አልነበረም። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሰክሯል ብሎ በሕዝብ ፊት ያስመሰከረበትን ሰው መሪ አስያዘና፣ እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ በዚያ ሁሉ ገደል እያንኮራፋ ተመለሰ። ኤጀታ ይህን ሲነግረኝ በአንድ ነገር ብቻ ይደነቅ ነበር። "መምህር፣ ያለው ነገር ውሸት መሆኑን ከእኔ እኩል ያውቃል። ባያውቅ እንቅልፍ ይወስደው ነበር?"

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ ሰው በሰው ላይ እጅ እያወጣ የሚነሳበት፣ ትናንት ሻይ የጋበዝከው ሰው "እኔ በጓደኛዬ ላይ ያየሁት ድክመት" ብሎ የሚጀምርበት ስብሰባ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማህጁብ እንደነገረኝ በቃሉ ሁለት ክስ አቀረበ፤ አንደኛው ስካር፣ ሁለተኛው አለቃን መናቅ። ከዚያ እጆች ወጡ። አንዷ ጸሐፊ "ሲሄድ ይንገዳገዳል፤ በዐይኔ አይቻለሁ" አለች። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እናቱ ታማ ኤጀታ በሌሊት ሆስፒታል ያደረሰለት፣ "ጥሩ ሰው ነበር፤ መጠጡ ነው ያበላሸው" ብሎ አዘነለት። ማንም አፉን አሽትቶት አያውቅም። የሚያሸቱት አፍ ከፊታቸው ተቀምጦ ስብሰባውን ይመራ ነበር።

ማህጁብ ብቻ ተነሳ። "እኔ አማርኛ ብዙ አልችልም" አለ። "ግን ይሄ ሰው አትጠጣም። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም፤ እሱ ደግሞ ከእኔ በላይ አትጠጣም። ወላሂ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማን እንደሚጠጣ ሁሉም ያውቃል።" ጥቂቶች አንገታቸውን ደፉ። በቃሉ "ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ነው" አለና አለፈው።

ኤጀታ እንዲናገር ተፈቀደለት። ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ሰው አጉረመረመ። ሲቆም ሊል የፈለገው ብዙ ነበር፤ የእያንዳንዱን ገመና ያውቃል፤ ሹፌር የማያውቀው የለም። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን፣ በዚያ በተሳሰረ ምላስ፣ "አልጠጣሁም" የሚል ብቻ ሆነ። ከኋላ በኩል ሰው ሳቀ።

"በዚያች ቅጽበት" አለኝ በኋላ፣ "የሰማሁት የራሴን ድምፅ አይደለም። የአባቴን ነው።"

ከሹፌርነት ታገደ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም፤ ከማንም አልተነጋገረም። ቀነኒ ትዕግሥት የምትባል ነገር አታውቅም፤ በአራተኛው ቀን ልብሱን ወረወረችለትና በትንሿ ልጃቸው ስም ጠራችው። "የኡርጂ አባት፣ ተነስ። ቀስ ብለህም ቢሆን ተነስ" አለችና ሆስፒታል ይዛው ሄደች። እኔም ደግፌው ሄድኩ።

ዶክተር ሐኒ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ነበረች። ሌሎቹ ከበር ላይ "ወባ ነው" እያሉ የሚሸኙትን በሽተኛ እሷ ታስቀምጣለች። አስተኝታ ደም ግፊቱን ለካች። ቆይታ እንዲቆም አድርጋ ደግማ ለካች። ቁጥሩን አይታ ሦስተኛ ጊዜ ለካችና ቶሎ አስተኛችው፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አስኬደችው፤ ጣቱን ከአፍንጫው ወደ ጣቷ እንዲያመላልስ አደረገችው፤ ጣቱ አየር ላይ እየዋለለ ሳተው።

"ከቤተሰብዎ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀችው።

"የለም" አለ ኤጀታ።

"ሲሄድ የሚንገዳገድ፣ ሲነሳ የሚወድቅ?"

"እሱማ አባቴ ነበር። እሱ ግን ሰካራም ነው።"

"ሲጠጡ አይተዋቸዋል?"

ቀነኒ ቀና ብላ አየችው። ኤጀታ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "አላየሁም" አለ። "አንድ ቀንም አላየሁም።"

ሐኪሟ ነገሩን ቀለል አድርጋ አስረዳችን። በሰውነታችን ውስጥ እኛ ሳናዘው የሚሠራ ነርቭ አለ። ስንነሳ ደም በክብደቱ ወደ እግር ሲወርድ ደም ሥሮችን ጨበጥ አድርጎ ወደ ራስ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ሲሞቀን የሚያልበን፣ ሽንት የሚይዝና የሚለቅ እሱ ነው። የኤጀታ ይህ ነርቭ እየሞተ ነው። ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍልም አብሮ እየደከመ ስለሆነ እግሩና ምላሱ አልታዘዝ አሉ። በሽታው በዘር የሚወርድ ይመስላል፤ ስሙን ለይቶ የሚያረጋግጥ ምርመራ በአቅራቢያችን የለም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለም። ቢሆንም ውሃ አብዝቶ ይጠጣ፣ ምግቡ ላይ ጨው ጨመር ያድርግ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያድርግ፣ በፀሐይ አይቁም፣ ሲነሳ ቀስ ይበል።

"ቀስ ማለቱንስ ራሴ አግኝቼው ነበር" አለ ኤጀታ። "በሱ ነው የከሰሱኝ።"

"መኪናም መንዳት የለብዎትም" አለችው።

ይህን ሲሰማ ብቻ ዐይኑ ውሃ አዘለ።

ቀነኒ የሐኪሟን ወረቀት ይዛ፣ ባሏን ይዛ፣ በቃሉ ቢሮ ገባች። በቃሉ ወረቀቱን አነበበና ትከሻውን ነቀነቀ። "እንግዲህ በሽታም ከሆነ ያው ነው። መኪና አይነዳም።"

"ያው አይደለም" አለች ቀነኒ። እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው። "ሰካራም ያልከው በአዳራሽ ነው። ታሟል የምትለው በክፍልህ ተደብቀህ ነው? አዳራሹን ጥራና እዚያ ተናገር።"

"ጊዜው ሲፈቅድ በስብሰባ ይነሳል።"

"ጊዜው ዛሬ ነው። አፍህ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ?"

በቃሉ ዘበኛ ሊጠራ አፉን ከፈተ። ኤጀታ ግን ሚስቱን በእጁ ያዝ አደረጋት። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ተይው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሰው መሆን ይፈልጋል" አለ። ይህችን አረፍተ ነገር ምላሱ ሳይደናቀፍ ተናገራት።

በስብሰባ አልተነሳም። ኤጀታ ወደ መለዋወጫ ግምጃ ቤት፣ ማህጁብ ዘንድ ተዛወረ። በቃሉ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ተሻለ ቦታ አደገ፤ በሽኝቱ ቀን ጋቢ አለበሱትና ለክልሉ ስላበረከተው አስተዋጽኦ አጨበጨቡለት። በግምገማው ቀን እጅ ያወጡት ሁሉ ያን ዕለትም እጃቸው ሥራ አልፈታም።

ኤጀታን ያስጨነቀው ግን የነሱ ነገር አልነበረም። አንድ እሑድ ባምባሲ እንድሸኘው ለመነኝ። ያችው የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጉባኤው ለጸሎት ሲነሳ እሱ ቁጭ አለ፤ አጠገቡ የነበረች ሴት በክርኗ ጎሰመችው፤ አልተነሳም። የማስታወቂያ ሰዓት ሲደርስ እጁን አወጣ። ለሜሳ አርጅቶ፣ ግን አሁንም ሰብሳቢ ነበር። ኤጀታ በኦሮምኛ ተናገረ፤ ቀነኒ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ።

"የዲሳሳ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰካራም አልነበረም፤ ታሞ ነው። በሽታው አሁን እኔ ላይ አለ፤ ሐኪም አይታዋለች። ከራት የከለከላችሁት በሽተኛ ነው። እኔም ከእናንተ ጋር ሆኜ ንቄዋለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስሙን እንድትመልሱለት ነው።"

ለሜሳ ጉሮሮውን ጠረገ። "የሞተው ወንድማችን ጉዳይ በጌታ እጅ ነው። አሮጌ ቁስል መነካካት ለጉባኤው አንድነት አይበጅም።"

"ቁስሉ የእናንተ አይደለም" አለ ኤጀታ።

ለሜሳ ከመድረኩ ወርዶ ሊጸልይለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ኤጀታ እጁን በጣቶቹ ይዞ፣ ከሸሚዝ ላይ ትል እንደሚያነሳ ሰው፣ አነሳውና ወደ ባለቤቱ መለሰለት።

ከወር በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች አሶሳ ድረስ መጡ። ጉባኤው ተነጋግሮ የወሰነውን አነበቡለት፤ "ወንድማችን ዲሳሳ ተበድለው ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" ይላል። ኤጀታ ደጋግመው እንዲያነቡለት አደረገ።

"'ከሆነ' ምን ይሠራል እዚያ ውስጥ?" አላቸው። "ስታግዱት 'ጠጥቶ ከሆነ' አላላችሁም። ሂዱና እሷን አውጥታችሁ ኑ።"

ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ሄዱ፤ ቀነኒ ያቀረበችላቸውን ምሳ እንኳ አልነኩም። ያቺ አንዲት ቃል እስክትወጣ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ለሜሳ ታሞ ቤት እስኪውልና ሌላ ሰብሳቢ እስኪመረጥ መጠበቅ ነበረበት። በመጨረሻ አቶ ዲሳሳ በሐሰት መከሰሳቸው በጉባኤ ፊት ተነገረ። ኤጀታ ሊሰማ አልሄደም፤ ያን ጊዜ መንገዱን አልቻለውም ነበር። ቀነኒ ሄዳ ሰምታ መጥታ ነገረችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ረጅም ጊዜ ተኛ፤ እኛም ትተነው ወጣን።

ብዙ ዓመት እየደከመ ኖረ። ከምርኩዝ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ማህጁብ ጡረታ ከወጣ በኋላም በየቀኑ እየመጣ ጢሙን ይላጨው ነበር። ከተማዋ በባጃጅ ስትሞላ በር ላይ ተቀምጦ እያየ፣ በዚያ በማይሰማ ምላሱ ይሳደባል፤ ያለውን ለመረዳት ቀነኒ ታስፈልግ ነበር። "ሦስት እግር ያለው በርጩማ ነው፤ ሹፌር አይባልም ነው የሚለው" ትለናለች።

ልጁ ኡርጂ አድጋ መምህራን ኮሌጅ ስትገባ ነገሩን ሳይደብቅ ነገራት። በሽታው በዘር እንደሚወርድ፣ እሷም ላይ የመውረዱ ዕድል ግማሽ በግማሽ እንደሆነ፣ አንድ ቃል ለማውጣት እየታገለ ጨረሰላት። ልጅቷ ትራሱን አስተካከለችለት።

"ከወረደብኝ ወረደብኝ፣ አባ" አለችው። "ሰካራም የሚለኝ ሰው ግን ወዮለት!"

ኤጀታ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ስቆ ስቆ ትን አለው፤ እናትና ልጅ ጀርባውን እየመቱ አዳኑት።

በቀጣዩ ክረምት ሞተ። ኡርጂ አሁን እዚያው አሶሳ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። በሽታው ይኑርባት አይኑርባት አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት "አንተስ ምን እንዳለብህ ታውቃለህ?" ብላ መልሳ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።